ስምንተኛው ጭረት

ሚስቴ ከእኔ በፊት ሌላ ባል ነበራት። ሰውየው ከሞተ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ እኔ እሷን ካገባሁ ስምንት። በሞተ ሰው መቅናት ነውር ነው ብላችሁ የምትፈርዱብኝ ካላችሁ ፍረዱ። እኔም ከእናንተ በፊት በራሴ ላይ ፈርጄ አይቼዋለሁ፤ ምንም አልረዳኝም። በሕይወት ያለ ባላንጣ አንድ ቀን ቦርጭ ያወጣል፣ ፀጉሩ ይሳሳል፣ ሰው ፊት አጉል ነገር ተናግሮ ያፍራል። የሞተው ግን እንዳማረበት ይቀራል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ያሉት ሰዎች ነገሩ ገብቷቸዋል።

ሰውየው ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። አጠገባችሁ ሲያልፍ ከነፋሱ በቀር ምንም ስለማይያዝ «ሽውታ» ይሉት ነበር። እኔ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ፤ እኔን የሚጠሩኝ «መፍቻ» ብለው ነው። ሽውታና መፍቻ! ገና ከቅጽል ስማችን ማን እንደሚበልጥ ይታያል።

ነገሩ የጀመረው ልጅቷ የብስክሌት ክለብ የገባች ጊዜ ነው። ልጅቷ የሽውታ ልጅ ናት፤ አባቷ በሦስት ሳምንት ሕመም ሲሞት አምስት ዓመቷ ነበር፣ አሁን አሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል። እኔን «ጋሼ» ትለኛለች። ክለቡ በየዓመቱ የአሮጌ ብስክሌቶች ቀን አለው፤ ሰዉ አያት የሚያህል ብስክሌቱን አውጥቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይጋልባል። ደንቡ አንድ ነው፦ ብስክሌቱ ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ፣ እስከ ትንሿ ዳዶ ድረስ፣ ብስክሌቱ በተሠራበት ዘመን የነበረ መሆን አለበት። ልጅቷ በአባቷ ብስክሌት ልትጋልብ ተመኘች። እናቷም አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌቱን ከዕቃ ቤት አወረደችው፤ ጎማ በሌላቸው ቸርኬዎች አስፋልቱን እያንኳኳች ሱቄ ድረስ ገፍታ አመጣችው።

«እንደነበረ አድርግልኝ» አለችኝ።

«ከነበረውም አስበልጥልሻለሁ።»

«አይ፣ አይብለጥ። እንደነበረ ብቻ።»

እንግዲህ ይህችን «እንደነበረ» የምትለዋን ቃል ለሦስት ወር ሙሉ ተሸክሜያት ዞርኩ።

ብስክሌቱ ፈረንሳይ ሠራሽ ነው፣ በፈረንጆቹ የሰባ አራት ሥሪት፣ ውሃ ሰማያዊ። ሳልወድ ልመስክር፣ ቆንጆ ነው። ቱቦው ቀጭን፣ መጋጠሚያው በሞረድ የተሳለ፣ ከጀርባው ብታዩት ምላጭ የሚያህል። ፈረንሳዮቹ በዚያ ዘመን ከዓለም አኩርፈው ለብቻቸው የሚለኩ ሰዎች ነበሩ። የብዙ አገር ብስክሌት ላይ ፔዳሎቹ የሚዞሩበትን ኩሽኔታ የሚይዘው የቀኙ ጎን ኩባያ ጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ የእነሱ ግን በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት። ይህን የማያውቅ መካኒክ እፈታለሁ ብሎ ያጠብቃል፤ አልፈታ ሲለው መፍቻው ላይ ቱቦ ቀጥሎ ይታገላል፤ በመጨረሻም ጥርሱን በልቶ ብስክሌቱን ገድሎ ያርፋል። የመሪውም አንገት እንዲሁ ነው። የመሪ አንገት የምለው መሪውን ከታች ከሹካው ጋር የሚያያይዘውን፣ እንደ ታጠፈ ክርን ያለውን አሉሚኒየም ነው። የሌላው ሃያ ሁለት ነጥብ ሁለት ሚሊሜትር ሲሆን የእነሱ ድፍን ሃያ ሁለት ነው። ለነጥብ ሁለት ብሎ ሰው ከሰው ይኳረፋል? እነሱ ተኳረፉ፤ ዳፋው ለእኔ ተረፈ።

ሽውታ ሲሞት ሚስቴ ግማሹን ዕቃ ለጓደኞቹ ለመታሰቢያ ሰጥታ ነበር። ኮርቻው ለአንዱ፣ ፔዳሎቹ ለሌላው፣ የፍሬኑ መያዣዎችና የማርሽ መቀየሪያው ለማን እንደሄዱ የሚያስታውስ የለም። የቀረው አካሉ፣ ሹካው፣ ቸርኬዎቹ፣ መሪውና የመሪው አንገት ነው። ሌላውን ሁሉ እኔ ከዘመኑ መልቀም ነበረብኝ። ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ስልክ ደወልኩ፣ የፈረሱ ሱቆች ምድር ቤት ገብቼ ሸረሪት ድር በላሁ። የማርሽ መቀየሪያ አገኘሁ ብዬ በደስታ ገልብጬ ሳየው ጀርባው ላይ የሰባ ስድስት ማኅተም አለበት። ሁለት ዓመት ያንሳል! ጉርምስናው ያላለቀ ዕቃ ሽማግሌ ላይ ልገጥም ነው? መለስኩት።

የክለቡ ጸሐፊ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ሰባን አልፈዋል፣ አጉሊ መነጽር በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይዞራሉ። የዕቃ ዘመን የሚፈርዱት እሳቸው ናቸው። የድሮ ካታሎጎችን አዋሱኝ። ግን ከካታሎጉ በላይ፣ ከእሳቸውም በላይ የሚያውቅ ሰው ቤቴ ውስጥ ነበር።

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የፊት ለፊቱን ክፍል መስፊያ አድርጋዋለች። አንድ ቀን የፍሬን መያዣዎች አገኘሁና፣ ጥቁር ላስቲክ የለበሱ፣ እያፏጨሁ ገባሁ። ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል በመነጽሯ አናት አየችው።

«ይሄ አይደለም» አለች።

«እንዴት አይደለም? ፋብሪካው አንድ፣ ሥሪቱ አንድ።»

«የእሱ ላስቲክ ቡናማ ነበር። የግራው ጫፍ ላይ ደግሞ በአውራ ጣቱ ብዛት ሳስቶ ነበር።»

ካታሎጉን አወጣሁ። እስከ ሰባ አምስት ቡናማ፣ ከዚያ በኋላ ጥቁር ይላል። ለጸሐፊው ብነግራቸው በሳቅ ፈረሱ፤ «እሷ ካለችልህ ካታሎጉን ዝጋው» አሉኝ። ቆሽቴ አረረ። አሥራ አራት ዓመት ያለፈውን የላስቲክ ቀለም! የግራ አውራ ጣቱን!

ማታውኑ ራት ሳንበላ ፈተንኳት።

«ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«ምን ልትሰጠኝ ነው?»

«ጨፍኚ ብቻ። ሱቅ የምለብሰው ጋዋን ቀለሙ ምንድን ነው?»

አሰበች። ማሰቧ ራሱ አሳረረኝ። «ሰማያዊ» አለች።

«ግራጫ! ራስሽ የሰፋሽው ግራጫ!»

«ታዲያ ከቅባቱ በታች ያለውን ቀለም ማን ያየዋል?» ብላ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። ልጅቷም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከጥርስ አላለፈም።

እንዲህም ሆኖ ሥራውን አልበደልኩም። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ቂሜን ከሱቁ በር ውጭ እያስቀመጥኩ ነበር የምገባው። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሙያ ስኖር የተሰነጠቀውን ደህና ነው፣ ደህናውን ተሰንጥቋል ብዬ አላውቅም። ሽውታ ዋንጫ ነበረው፣ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል፣ አቧራውንም በየሳምንቱ የሚጠርገው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። እኔ ያለኝ ዓይኔና ቃሌ ነው። «መፍቻ ደህና ነው ካለ ደህና ነው» ይላል ሰዉ።

በዘጠነኛው ሳምንት የመሪው አንገት ላይ ደረስኩ። በማጽጃ ቅባትና በጨርቅ ሳሸው፣ በታች በኩል፣ ማንም በማያየው ሆዱ ላይ፣ ጭረቶች ብቅ አሉ። ተርታቸውን ጠብቀው፣ በሚስማር የተጫሩ፣ ሰባት አጫጭርና አንድ ረጅም።

ሚስቴ ያን ቀን ምሳዬን ይዛልኝ መጥታ ነበር። ሳህኑን የመሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ አንገቱን ከእጄ ወሰደችው። ገልብጣ አላየችውም፤ ጣቷን ብቻ ከሥር ሰድዳ ዳሰሰችው።

«ባሸነፈ ቁጥር ይጭር ነበር» አለች። «ይሄ የመጀመሪያው ነው። ይሄ ዝናብ የደበደባቸው ጊዜ። ይሄ ጎማው ተንፍሶበት በጓደኛው ቸርኬ የጨረሰው...» እያለች እንደ መቁጠሪያ ቆጠረቻቸው። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ዝም አለች።

ዝም ብትል ዝም ብዬ ምሳዬን አልበላም? አልበላሁም።

«ይሄ ረጅሙስ? ትልቅ ዋንጫ ነበር?»

«እሱ ውድድር አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ፈገግ አለች፤ ለእኔ አይደለም፣ ለብረቱ። «እሺ ያልኩት ቀን ነው» አለች።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ምሳው ሬት ሆነብኝ። እኔን እሺ ያለችኝን ቀን አስታወስኩ። የስፌት መኪናዋን ቀበቶ እየቀየርኩላት፣ በቅባት እጄ፣ እንጋባ አልኳት፤ «እስኪ ላስብበት» አለች። ሁለት ሳምንት አሰበችበት። ከዚያ አንድ ቀን የልብስ ቁልፍ እየቆጠረች፣ «ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት፣ እሺ ይሁን፣ ሃያ አራት» አለችኝ። የዚያን ቀን ማንም የትም ምንም አልጫረም። እኔም ደስታዬን ጠረጴዛዬ ላይ እንኳ ላሰፍረው አልመጣልኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ጭረት ዓይኔ ውስጥ ገባ። ልጅቷ ብስክሌቱን ስትጋልብ ከእጆቿ መካከል፣ ከሥር፣ የሚሄደው እሱ ነው። ሰዉ እያጨበጨበ፣ ሚስቴ ዳር ቆማ፣ የምታስበው እሱን ነው። ብስክሌቱን ከሞት ያስነሳሁት እኔ፣ የሚጋልበው ግን አሁንም ሽውታ!

ሰኞ ለአንድ ነጋዴ ደወልኩና ሌላ የመሪ አንገት አዘዝኩ። ያው ፋብሪካ፣ ያው የሰባ አራት ማኅተም፣ ድፍን ሃያ ሁለት። ለክፉ ቀን ይሁነኝ አልኩ ለራሴ። ሲመጣ መጀመሪያ ያየሁት ሆዱን ነው፤ ንጹሕ፣ ጥርት ያለ፣ ታሪክ የሌለው። በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ስለ እሱ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለመለዋወጫ የተገዛ ዕቃ የሚደበቅበት ምክንያት እንደሌለም አውቅ ነበር።

ሊጋልቡ አሥር ቀን ሲቀር፣ ጠዋት፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ብስክሌቱን ስታበራው፣ የመሪውን ብሎን ላጠብቅ አጎነበስኩ። ያኔ አየሁት። ከረጅሙ ጭረት ጫፍ የሚነሳ፣ ፀጉር የሚያክል ጥቁር መስመር።

አሉሚኒየም የሚሰነጠቀው እንዲህ ነው። ከጭረት ይጀምራል። ሚስማር የነካው ቦታ ላይ ይሸሸግና ዓመት ቆጥሮ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ፣ ጋላቢው ክብደቱን መሪው ላይ ሲጥል፣ ከእጁ ላይ ቀንጠብ ይላል። ከዚያ በኋላ ፊት አይተርፍም።

ልቤ ዘለለ። በድንጋጤ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ ባልነገርኳችሁ። የዘለለው በደስታ ነው።

ጋዋኔን ሳላወልቅ ቤት ድረስ ሮጥኩ። ሚስቴ መርፌ ቁልፎች በከንፈሯ ነክሳ የአንዲት ሴትዮ ቀሚስ ትለካለች፤ ልጅቷ ጥግ ተቀምጣ ታነባለች። ደንበኛ ፊት መሆኔን እንኳ ልብ አላልኩም።

«ተሰንጥቋል!» አልኩ። «የመሪው አንገት! ከጭረቱ፣ ከረጅሙ ጭረት ነው የጀመረው!»

ሚስቴ መርፌ ቁልፎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አወጣቻቸው።

«ይሰበራል?»

«ቁልቁለት ላይ ከሆነ...»

ልጅቷን አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። የምትከራከር መስሎኝ ነበር፤ ለክርክሩ ብዙ ተዘጋጅቼ ነበር። «አውጣው» አለች ብቻ።

ልጅቷ መጽሐፏን አጠፈች። «ጋሼ፣ እርግጠኛ ነህ? ጭረቱ ራሱ ቢሆንስ ያየኸው?»

«እሱ አየሁ ካለ አይቷል» አለቻት እናቷ ቆጣ ብላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ከዘመኑ የሆነ ሌላ ይገኝ ይሆን? በአሥር ቀን?»

«አንድ ሳይኖረኝ አይቀርም» አልኩ።

የልጅቷ ጥያቄ ግን ከነከነኝ። እኔን? እርግጠኛ ነህ? ላሳያት አሰብኩ። እኛ መካኒኮች ስንጥቅ የምንይዝበት የቆየ ዘዴ አለ። ብረቱን ላምባ ታጠጡታላችሁ፤ ላምባው ስንጥቅ ካገኘ ይገባል። ከዚያ ላዩን በደረቅ ጨርቅ አጥርታችሁ ትጠርጉና የጠመኔ ዱቄት ትነሰንሱበታላችሁ። ስንጥቅ ካለ የጠጣውን ላምባ ይተፋል፤ ነጩ ዱቄት ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። ውሸት የማያውቅ ዘዴ ነው። ከሚስቴ መሳቢያ የልብስ ምልክት ማድረጊያ ጠመኔዋን ወስጄ ሱቅ ተመለስኩና በሩን ዘጋሁ። ጥቁሩ መስመር ሲወጣ ልጅቷን ጠርቼ አሳያታለሁ፣ ከዚያ ወዲያ እርግጠኛ ነህ የሚለኝ አይኖርም።

ነከርኩት። ጠረግኩት። ነሰነስኩት። በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ነጩ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ዱቄቱ በዝቶ ይሆናል አልኩና ደገምኩት። ብረቱ ቀዝቅዞ ይሆናል አልኩና አሙቄ ሠለስኩት። ነጭ። የጸሐፊውን ዓይነት አጉሊ መነጽር እኔም አለኝ፤ አወጣሁና በፀሐዩ አየሁት። ያ ጥቁር መስመር በሁለተኛው እጥበት ደብዝዟል፣ ጫፉ ብቻ ቀርቷል። በጥፍሬ ፋቅሁት። ለቀቀ። የማጽጃ ቅባት ነው፤ እኔው ራሴ ሳሸው ከጨርቁ ክር ጋር የደረቀ ቅባት።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላሉ። የእኔ ልብ ቀድሞ አየና ዓይኔን እየጎተተ አመጣው። ሃያ ስድስት ዓመት የተማመንኩበት ዓይን! ሰው ሁሉ ደህና ነው ወይ እያለ ዕቃውን የሚዘረጋለት ዓይን! በዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አፈርኩ። በደንብ አፈርኩ፤ ያፈርኩት ግን ብቻዬን ስለሆነ እፍረቱን ማንም አልያዘልኝም።

ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን ሙሉ አፌን አለማመድኩ። «ተሳስቻለሁ፣ ደህና ነው።» በቃ፣ ይህችው ናት። ሦስት ቃል። አንድ ሕፃን ይላታል። በሩን ስከፍት ሚስቴ እጅጌዬን አየች።

«ጠመኔዬን የወሰድከው አንተ ነህ? ቤቱን ሁሉ ስፈልግ።»

«ለጎማው ነው» አልኩ። «የውስጡ ጎማ እንዳይጣበቅ ዱቄት ይነሰነስበታል።»

«ለልጄ ነዋ፤ እንኳን ጠመኔ» አለችና እጅጌዬን በመዳፏ አራገፈችልኝ።

ሦስቱን ቃላት ትቼ እጄን ልታጠብ ሄድኩ። ደህና ነው ብል ጭረቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ደህና ነው ብል፣ ታዲያ ለምን ያን ያህል ሮጥክ ይሉኛል፤ ሌላውንስ ከየት አመጣኸው ይሉኛል። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ነገ በመጣ ቁጥር አፋፉ ይበልጥ ራቀ። በሦስተኛው ቀን አዲሱን አንገት ገጠምኩ። የሽውታን በጨርቅ ጠቅልዬ እዚያው መሳቢያ ውስጥ፣ የሌላው ቦታ ላይ፣ አስቀመጥኩት።

ቀኑ ደረሰ። ጸሐፊው ጠረጴዛቸውን ዛፍ ሥር ዘርግተው ብስክሌቱን ከጎማ እስከ ኮርቻ በመነጽር ፈተሹት። ማርሹን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቡናማውን ላስቲክ አዩ፣ ፈገግ አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የመሪውን አንገት ሆድ አዩና ቀና አሉ።

«የዘመኑ ነው፣ አላጠፋህም። ግን ሽውታ እዚህ ጋ ይጭር ነበር እኮ። ጭረቶቹስ?»

ምን ያለበት ዝላይ አይችልም። ሚስቴ ቀደመችኝ። «ተሰንጥቆ ነበር። እሱ ባያየው ኖሮ...» ብላ ትከሻዬን ያዘችው።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁልኝ። እሳቸው! ለእኔ! «መፍቻ ተሰንጥቋል ካለ ተሰንጥቋል» አሉ ለዙሪያው ሰው። ከዚያ ድምፃቸውን አጠንክረው፣ «ለሁለት ቆርጠኸዋል አይደል?» አሉኝ።

«ገና ነኝ።»

«እንዴት ገና? አንተ ይጠፋሃል? ሰው ከቁርጥራጭ ውስጥ አንስቶ ቢገጥመውስ? የተሰነጠቀ አንገት ሳይቆረጥ አያድርም!» እውነታቸውን ነው። በእኛ ሙያ የተፈረደበት ዕቃ በመጋዝ ለሁለት ይገመሳል፤ ነፍስ ያለበት ጉዳይ ነው።

ልጅቷ ጋለበች። ቁልቁለቱን ስትወርድ ከሩቅ ሰማያዊ ክር ትመስል ነበር። በሰላም ሄዳ በሰላም ተመለሰች፣ ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ፣ አቧራ ለብሳ፣ እየሳቀች። ከብስክሌቱ ሳትወርድ መሪውን መታ መታ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እንደ ድንጋይ የጠና ነው!» አለችኝ። መሳቢያ ውስጥ ያለው የአባቷም እንዲሁ ይጠና ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሚስቴ ተከትላኝ ሱቅ መጣች።

«አምጣው» አለች። «እኔ ፊት ቁረጠው። ሳይቆረጥ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

መሳቢያውን ከፈትኩ። ጨርቁን ፈታሁ። ተቀበለችኝና እንደዚያ ቀን ጣቷን ከሥሩ ሰደደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... በከንፈሯ ብቻ። ስምንተኛው ላይ ቆመች።

«የቱ ጋ ነው?»

«እዚህ፣ ጫፉ ላይ» አልኩ፤ በጣቴ አሳየኋት።

ዓይኗን ጨፈነች። የሚስቴ ጣት እንደዋዛ የሚታይ ጣት አይደለም፤ ሐር ውስጥ የቀረ የመርፌ ስባሪ ከላይ ዳስሶ የሚያገኝ ጣት ነው። እዚያች ጫፍ ላይ አሳረፈችው፣ ወደፊት ወደኋላ አለችው። አሁን ታውቃለች አልኩ። ትወቅ፣ ይገላግለኝ አልኩ።

«አዎ» አለች። «ተሰማኝ።»

ዓይኗን ስትገልጥ እንባ ሞልቶበታል።

«ስትቀና አይቻለሁ» አለችኝ። «አላየሁም መሰለህ? ሦስት ወር ሙሉ ፊትህ ሲጠቁር እያየሁ እኔም ዝም አልኩ። ሥራውን ይበድልብኛል ብዬ ግን አንድ ቀን አልሰጋሁም። እሱ ዕቃ ላይ ዓይን አልነበረውም። እየጫረ እየጫረ ልጁን ሊገድላት ነበር። አሥራ አራት ዓመት አልቅሼለታለሁ፤ ይሄን ግን እሱ አያየውም ነበር። አንተ አየህልኝ።»

እሱ አያየውም ነበር፣ አንተ አየህልኝ። ስምንት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ይህችው ናት። ያቺን ቃል ለማግኘት ስንት ቸርኬ አቃናሁ፣ ስንት ራት ላይ ዝም አልኩ! መጥታ ደጄ ላይ ቆመች፤ እኔም ገብተሽ ተቀመጪ አልኳት። ሞርሳው ላይ አሰርኩት። መጋዙን አነሳሁ። ሚስቴ ተቆርጦ እንዳይወድቅ ጫፉን በሁለት እጇ ደግፋ ያዘችልኝ።

ጥሩ አሉሚኒየም ሲቆረጥ ድምፁ ይታወቃል፤ አይሻክርም፣ እኩል ይዘምራል። መጋዙ በስምንተኛው ጭረት መሀል አለፈ። ሁለት ሲሆን የተቆረጠውን ፊት አየሁት። ስንጥቅ ያለበት ዕቃ ሲገመስ ጠርዙ ላይ አሮጌው ቁስል ጠቁሮ ይታያል፤ ጸሐፊው ቢኖሩ ባንድ ዓይን ያውቁት ነበር። ይሄ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፣ የሚያበራ ነጭ። ሚስቴም አየችው። ምን እንደምታይ አላወቀችም።

በእጇ የቀረውን ግማሽ ቁርጥራጭ ማጠራቀሚያው ቆርቆሮ ውስጥ ራሷ ጣለችው። ከዚያ ብናኝ የሞላበትን እጄን ሳትጠየፍ ያዘችኝና ወደ ቤት ሄድን። እንደዚያ ቀን እጄን አጥብቃ ይዛ አታውቅም። የያዘችው ግን እኔን አይደለም። ዓይኑ የማይስት፣ ቃሉ የማይታጠፍ፣ ልጇን ከሞት ያተረፈላት ሰው ነው የያዘችው። እስከ ዛሬም ራት ላይ የምታሞካሸው እሱን ነው፣ ለጎረቤት የምትተርከው እሱን ነው፤ በቀደም ዕለትም ዓይኗን ሳትጨፍን የጋዋኑን ቀለም ነገረችው፣ ግራጫ ብላ። ሽውታን ከተውኩት ቆየሁ። አሁን የምቀናው በዚያ ሰው ነው።